እትዬ እሽሽና እንቅልፍ እምቢ ያለው ባለወፍጮ

እትዬ እሽሽ የሚለውን ስም ያወጡላት ሆስፒታሉ ውስጥ ነው። እናቷ ያወጣችላት ሌላ ነው፤ ግን ከጥበቃው እስከ ዋናው ሐኪም ድረስ በዚህ ነው የሚጠሯት፣ እሷም ለምዳዋለች። የምትሠራው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ኮሪደሩ መጨረሻ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። አንድ አልጋ፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ ማሽን ከነስክሪኑ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ። ሥራዋ የሰው ጭንቅላት ላይ ሽቦ እየለጠፈች አንጎሉ የሚያወጣውን ሞገድ መቅዳት ነው። ሰው ሽቦውን ሲያይ ኤሌክትሪክ ልትለቅበት ይመስለውና ይደነግጣል። እሷ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው የምትለው፣ "እኔ አልሰጥም፣ እቀበላለሁ እንጂ። አንጎልዎ ያወራል፣ ማሽኑ ይጽፋል፣ በቃ።"

እሽሽ የተባለችው ደግሞ በጠባይዋ ነው። ኮሪደሩ ላይ ጫማ ከተንኳኳ "እሽሽ!"፣ በር ከተገጨ "እሽሽ!"፣ ሁለት ሰው ከተሳሳቀ "እሽሽ!" ታች በር ላይ ያለው ጥበቃ ለሚመጣው ሁሉ፣ "እትዬ እሽሽ ጋ ነው? ታዲያ በልታችሁ ውጡ፣ ሆዳችሁ ከጮኸ ታስወጣችኋለች" ይላል። ይሳቅባት እንጂ ምክንያት አላት። አንዳንድ በሽታ ሰው ነቅቶ ሳለ ይደበቃል፤ ብቅ የሚለው ሲተኛ ነው። ስለዚህ የመጣው ሰው ሽቦውን እንደለበሰ፣ ባልለመደው አልጋ ላይ፣ በቀን፣ መተኛት አለበት። ሰውን በጠራራ ፀሐይ ማስተኛት ቀላል ሥራ አይደለም። እሷ ግን ታስተኛለች። አሥር ሰው ቢመጣ ዘጠኙን ታስተኛለች።

ወደዚህ ሥራ የገባችበት መንገድ ራሱ ይገርማል። ድሮ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ፀጉር ቤት ውስጥ ነበር የምትሠራው። አልፎ አልፎ ከሆስፒታል ተመልሰው፣ "ፀጉርሽን ታጥበሽ ነይ፣ ቅባት ካለው ሽቦው አይይዝም ተባልኩ" የሚሉ ሰዎች ይመጡባት ነበር። አንድ ቀን አንዲት ታማሚ ብቻዬን አልመለስም ብላ አስቸገረቻትና እጇን ይዛ አደረሰቻት። ያኔ በዚያ ክፍል ይሠራ የነበረው ሽማግሌ ባለሙያ በዚያ ወፍራም ጣቱ የሴትየዋን ፀጉር ለመክፈል ሲታገል አየች። ቆማ ማየት አልቻለችም።

"አባባ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ" አለችና በማበጠሪያዋ ጫፍ ሃያ አንድ ቦታ ላይ ፀጉሩን እንደ ቀጭን መንገድ ከፈለችለት። አንድም ፀጉር አልተነቀለ።

ሽማግሌው ሳቀና "ነገም ነይ" አላት። ነገም ሄደች። ከዚያ የማታ ትምህርት ተማረች፣ የምስክር ወረቀቷን ያዘች፤ ሽማግሌው ጡረታ ሲወጣ ክፍሉን ለእሷ ተወላት። ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት።

ሞገዶቹ ስም አላቸው። ሰው ነቅቶ ሲያስብ ወይም ሲጨነቅ መስመሩ ትንንሽና ጥቅጥቅ ያለ ይሆናል፤ ቤታ ይሉታል። ዓይኑን ጨፍኖ ዘና ሲል ከጭንቅላቱ ኋላ በኩል በሴኮንድ አሥር ጊዜ ያህል የሚመላለስ ለስላሳ ሞገድ ይመጣል፤ እሱ አልፋ ነው። ማንጎላጀት ሲጀምር ቴታ፣ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ሲወስደው ደግሞ ዴልታ። እትዬ እሽሽ ግን ለአስታማሚ የምታስረዳው በራሷ አባባል ነው። "ቤታ እንደ ሰፈር ወሬ ነው፣ ሁሉም ባንዴ ያወራል። አልፋ እንደ ተበጠረ ፀጉር ነው። ቴታ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ነው፣ ዓይኑ አለ ልቡ የለም። ዴልታ ደግሞ ከምሳ በኋላ ደረጃ የሚወጣ ወፍራም ሰው ነው፤ አንድ... እረፍት... ሁለት... እረፍት።"

ባለወፍጮው የመጣው አንድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከሚስቱ ጋር ነው። ስድሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ቅንድቡ ላይ ዱቄት ሰፍሮበታል።

"ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ፣ አይለቅም" አለች ሚስቱ፣ ገና ማንም ሳይጠይቃት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለወፍጮው እህል እያፈሰሰ ሳለ ሁለት ጊዜ ቆሞ ቀርቷል። እንደ ሐውልት።

"እንቅልፍ ነው እኮ ሲስተር" አለ። "ሰው ይደክመዋል፣ ያንጎላጃል።"

"ዓይንህን አፍጥጠህ ነው የምታንጎላጀው?" አለች ሚስቱ። "ስምህን ስጠራ ከግድግዳው በምን ትለይ ነበር? ሁለተኛው ቀን እኮ እህቴ፣ ያ ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር የሚያገናኘው ቺንጋ እጅጌውን ይዞ ጎተተው። ጨርቁ አርጅቶ ባይተረተር ኖሮ ክንዱን ነበር።"

"ልብስ ነው የተቀደደው። ሰው አልተቀደደም።"

"ሰው እስኪቀደድ ልጠብቅልህ?"

"ወረቀቱ ንጹህ ከሆነ ነገ ሥራዬን እገባለሁ። ነግሬሻለሁ።"

ቀደም ሲል ነቅቶ ሳለ የተቀዳው ወረቀት ምንም አላሳየም። ዶክተሩ ተኝቶ ይቀዳ ብሎ አዘዘ፤ ሌሊቱን ሳይተኛ አድሮ እንዲመጣም ተነገረው። የእንቅልፍ መድኃኒት ልቡ አይችልም። ማሽኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የእሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተኝቶ ታካሚዎች ተራ ነው፣ ሌላ ቀጠሮ ደግሞ ከሦስት ወር ወዲህ የለም። እትዬ እሽሽ ይህን ሰማችና በልቧ ቆጠረች። ዛሬ ካልተኛ ሦስት ወር ሙሉ ቺንጋ አጠገብ ይቆማል ማለት ነው። ሦስት ወር ሙሉ ያች ክንድ በዕድል ነው የምትኖረው።

ጭንቅላቱን በሜትር ለካች፣ በእርሳስ ምልክት አደረገች፣ ቆዳውን እያሸች ሽቦዎቹን ለጠፈች። መጋረጃውን ጋረደች። በሩን ዘጋች። አንድም ኮሽታ የለም።

ስክሪኑ ላይ ቤታ። አሥር ደቂቃ፣ ቤታ። ግማሽ ሰዓት፣ ቤታ። ዓይኑን ጨፍኗል፣ ትንፋሹ ረጋ ብሏል፣ ከውጭ ሲያዩት የተኛ ይመስላል። አንጎሉ ግን ገበያ ነው።

"ጋሼ፣ አልመጣም?" አለችው በሹክሹክታ።

"እንቅልፌ እንግዳ ሲያይ ያፍራል" አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"ማታ ሰርቀው ተኝተው እንዳይሆን።"

"ኧረ የት አግኝቶ!" አለች ሚስቱ ከወንበሯ። "ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ስረጭበት ነው ያደርኩት። ጎረቤት ተጣሉ ብሎ ሊገላግል መጣ።"

"እሽሽ" አለች እትዬ እሽሽ።

አምስት ሰዓት ሲሆን ዶክተሩ ብቅ አለ። ወጣት ነው፣ ትሁት ነው፣ አዲስ ነገር ይወዳል። በእጁ ትንንሽ የጆሮ ማዳመጫ ከነማጫወቻው ይዟል።

"እትዬ፣ ይሄን እንሞክረው? በግራ ጆሮ አንድ ድምፅ፣ በቀኝ ደግሞ ከሱ ትንሽ የሚለይ ድምፅ ሲገባ አንጎል ልዩነቱን ይከተላል፣ ወደ እንቅልፍ ሞገድ ይወርዳል ይላሉ።"

"ይላሉ ነው ወይስ ነው?"

"ይላሉ ነው" አለ ዶክተሩ ፈገግ ብሎ። "አንዱ ጥናት አዎ ይላል፣ ሌላው አላየሁም ይላል። የዝናብ ድምፅም አለው። እሱስ ብዙ ሰው ያረጋጋል።"

"እንግዲያው ዝናቡን።"

ዝናቡን ከፈቱለት። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ባለወፍጮው ከነሽቦው ብድግ አለ።

"አንቺ! ስንዴው! ጓሮ ለፀሐይ ተሰጥቶ የለም እንዴ! አስገቡት በያቸው!"

"ቴፕ ነው አንተ ሰውዬ! ውጭ ፀሐይ ነው!"

እትዬ እሽሽ ትከሻውን ይዛ መልሳ አስተኛችው፤ የተነቀሉትን አራት ሽቦዎች እንደገና ለጠፈች። ዶክተሩ ማዳመጫውን ኪሱ ከቶ ቀስ ብሎ ወጣ። ስክሪኑ ላይ ያለው አሁን ቤታ ብቻ አይደለም፣ የቤታ ሠርግ ነው።

ስድስት ሰዓት ላይ የፅዳት ሠራተኛዋ የዕቃ ጋሪዋን እየገፋች በኮሪደሩ መጣች። የዚያ ጋሪ ጎማ ድሮም አይወደድም፣ ግርርርር እያለ ነው የሚሄደው። እትዬ እሽሽ ልትቆጣ ብድግ አለች። አፏን እሽሽ ለማለት እንዳሞጠሞጠች ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ወደቀ። ከጭንቅላቱ ኋላ በኩል ያሉት መስመሮች ለስላሳ ሆነዋል። የተበጠረ ፀጉር። አልፋ!

ጋሪው አለፈ። ኮሪደሩ ጭር አለ። ቤታ ተመልሶ ግር ብሎ ገባ።

ሌላ ሰው ቢሆን አጋጣሚ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። እሷ ግን በሩን ከፍታ ወጣችና የፅዳት ሠራተኛዋን ጠራቻት።

"ነይ እስቲ፣ ጋሪውን መልሰሽ ግፊው።"

"ምን?"

"በክፍሌ በር ላይ መልሰሽ ግፊው። ከዚያ ደግሞ መልሺው።"

"እትዬ፣ አሞሻል እንዴ?"

"ግፊ አልኩሽ እኮ!"

ልጅቷ ፈራ ተባ እያለች ገፋች። አልፋ። ስታቆም፣ ቤታ። እንደገና ስትገፋ፣ አልፋ። ሦስተኛው ላይ ሌላ ክፍል ተጠርታ ሄደች፣ እየሄደችም ሁለቴ ዞራ አየቻት።

እትዬ እሽሽ ተመልሳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። "ጋሼ፣ ቤትዎ የሚተኙት የት ነው?"

"ከወፍጮው ጀርባ። ግድግዳው ቆርቆሮ ነው።"

"ወፍጮው እየሠራ?"

"ምሳ በልቼ አንዳንዴ ጋደም ስል አዎ። ሰላሳ አራት ዓመት።"

"አይቀሰቅስዎትም?"

ባለወፍጮው ዓይኑን ገልጦ አያት፣ ነገሩ ገርሞታል። "መሥራቱ? የምነቃው ሲቆም ነው እንጂ። ወፍጮ ከቆመ አንድ ነገር ሆኗል። ወይ መብራት ሄዷል፣ ወይ ቺንጋ ተበጥሷል፣ ወይ ሰው ተጎድቷል። ባለወፍጮ ሆኖ ወፍጮ ሲቆም የሚተኛ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

እትዬ እሽሽ ዞራ የተዘጋውን በርና የተጋረደውን መስኮት አየች። ሃያ ሁለት ዓመት ዝምታ ማለት ሰላም ነው ብላ ነው የሠራችው። ለዚህ ሰው ግን ዝምታ የአደጋ ጥሪ ነው። መጋረጃውን በጋረደች፣ በሩን በዘጋች ቁጥር፣ ተነስ፣ የሆነ ነገር ሆኗል እያለችው ነበር። ጥፋቷን ስታይ ፊቷ ጋለ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመጣውን ሁሉ ሽቦ ሳትለጥፍ በፊት፣ ቤትዎ ሲተኙ ምን ይሰማል? ብላ ትጠይቃለች። አንዷ የውኃ ቧንቧ ትላለች፣ አንዱ የሚስቴ ኩርፊያ ይላል፤ እሷም ኩርፊያ ድምፅ የለውም ስትለው፣ ያለው እሱ ነው ይላታል።

ያን ቀን ግን ቶሎ መላ ነበር የሚያስፈልገው። ስልክ ወደ ክፍሏ አይገባም፣ መስመሩን ያቆሽሻል ብላ የዶክተሩን እንኳ በር ላይ ታስቀምጣለች። አሁን ራሷ የባለወፍጮውን ስልክ በሩ አጠገብ፣ ከሽቦዎቹ ርቆ ያለ ወንበር ላይ አኖረችና መስመሮቹን አንድ በአንድ አየች። አልቆሸሹም። ሚስትየው ወፍጮ ቤት ለቀረው ወንድሟ ደወለችና ወፍጮውን አስነስቶ ስልኩን አጠገቡ እንዲያስቀምጥ ነገረችው።

ወፍጮው ከስልኩ ውስጥ ተነሳ። ባለወፍጮው ጆሮውን አቀና። ወዲያው ቅንድቡ ተሰበሰበ።

"ባዶውን ነው የሚያዞረው!"

"ጋሼ፣ ይተኙ።"

"እንዴት እተኛለሁ ሲስተር! ድንጋይ በድንጋይ እያፋጨ! በይው፣ እህል ጨምር በይው!"

"እየጨመርኩ ነው እኮ!" አለ የሚስቱ ወንድም ከስልኩ ውስጥ።

"ውሸታም! ይሰማኛል!"

ሚስትየው ስልኩን ዘጋችው። "የኔ ወንድም አንደበቱ እንጂ እጁ አይሠራም" አለች።

እትዬ እሽሽ ግን ሌላ ነገር ነው ያሰበችው። ሰውዬው የሚተኛው ጩኸት ስላለ አይደለም። ሁሉ ነገር ደህና ነው የሚለውን ድምፅ ሲሰማ ነው። "እሱ ምሳ በልቶ ጋደም ሲል ወፍጮው ላይ ማነው የሚቆመው?" ብላ ጠየቀቻት።

"እኔ ነኛ። ሌላ ማን አለው?"

"ስንት ደቂቃ ነው ከዚህ?"

"በታክሲ ሃያ።"

"በይ ሂጂልኝ እህቴ። እንደ ሌላው ቀን አፍስሺ። ስለሱ አታስቢ፣ እህሉን ብቻ እዪ።"

ሚስትየው ነጠላዋን እያጣፋች ወጣች። ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ ጠራ፣ "ጀመርኩ" የሚል ድምፅ መጣ፣ ከዚያ ወፍጮው። ለእትዬ እሽሽ ልዩነቱ አልታወቃትም። ያው ጉርርርር ነው።

ባለወፍጮው ግን ጭንቅላቱን ትራሱ ላይ ለቀቀው። "እሷ ናት" አለ።

"በምን አወቁ?"

"በቆሎ ስታፈስ... መጀመሪያ ትንሽ... ከዚያ ደግሞ..." አለና አልጨረሰውም።

ስክሪኑ ላይ የሰፈሩ ወሬ አንድ በአንድ ወደየቤቱ ገባ። አልፋ መጣ፣ ቆየ፣ ተበታተነ። ቴታ ተተካ። ከዚያ ያ መሃሉ ወፈር፣ ጫፍና ጫፉ ቀጠን የሚል፣ ዶክተሮቹ እንዝርት የሚሉት ምልክት ታየ። እንዝርት ከመጣ ሰውዬው ተኝቷል፤ ማንም አይክደውም።

ጥበቃው እየተንጠራራ በሩ ላይ ብቅ አለ። "እትዬ፣ ከክፍልሽ ወፍጮ ይሰማል የሚል ሰው መጥቶብኝ ነው" አለ በሹክሹክታ።

"ይሰማል።"

"ታዲያ እሽሽ ልበለው?"

"ላንተ ነው እሽሽ" አለችውና በሩን ቀስ ብላ ገፋችበት።

ሰባት ሰዓት ከአርባ ላይ ከግራ ጆሮው በላይ ካለው መስመር ዶክተሮቹ እሾህ የሚሉት የበሽታ ምልክት ብቅ አለ። ሹል፣ ብቻውን፣ ከኋላው ዘገምተኛ ሞገድ አስከትሎ። እሷ አልተንቀሳቀሰችም። ጊዜውን ምልክት አደረገች። ሌላ እሾህ። ሌላ። ባለወፍጮው ለስላሳ ማንኮራፋት ጀምሯል፤ እሾሁ እያለፈበት እሱ አያውቀውም። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ዘጠኝ ቆጠረች። የፈለገችውን አገኘች፣ ያገኘችው ግን የሰው በሽታ ነው። ይህ ሥራ እንዲህ ነው፣ ሲሳካልሽም ደስ አለኝ ብለሽ አትጮኺም።

ሲነቃ ጣሪያውን አየ። "ተኛሁ እንዴ?"

"ተኙ።"

"ምን አየሽ?"

"ዶክተሩ ነው የሚነግርዎት።"

"ፊትሽ ይንገረኛ።"

"የኔ ፊት ሃያ ሁለት ዓመት ተምሯል ጋሼ፣ ምንም አይናገርም።" ይህን ስትል ግን ሽቦዎቹን የምታነሳበት እጅ ከቅድሙ የበለጠ ቀስ ያለ ነበር። ባለወፍጮው እጇን አየ።

ዶክተሩ መጥቶ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አየ። "እትዬ፣ በምን አስተኛሽው?" አለ፤ እሷም ወንበሩ ላይ የሚጮኸውን ስልክ በአገጯ አሳየችው። ዶክተሩ ትንሽ ቆይቶ ገባው፤ ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለላት፣ ለዋናው ሐኪም እንደሚያደርገው። ወደ ባለወፍጮው ዞሮ አልጋው ላይ ተቀመጠ። እንቅልፍ እንዳልሆነ ነገረው። የሚጥል በሽታ ዓይነት ነው፣ እሱን የሚጥለው ግን እንደቆመ ነው፣ መድኃኒት አለው። መድኃኒቱን እየወሰደ፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ቺንጋ አጠገብ አይቁም።

"አንድ ዓመት?" አለ ባለወፍጮው። "ወፍጮ ሳልነካ ምን ልሆን ነው?"

ስልኩ አልተዘጋም ነበር። "ሄሎ! ሄሎ! ተኛ ወይ?" የሚል ጩኸት ከወፍጮው ድምፅ በላይ ተሰማ።

እትዬ እሽሽ አነሳችው። "ተኝቶ ነቃ እህቴ። ተቀድቷል። አሁን ይብቃሽ፣ አጥፊው።"

"እንዴት ነው የማጠፋው! ሰው ወፍጮው ሲሠራ ሰምቶ እስከ በሩ ድረስ ተሰልፎብኛል!"

ባለወፍጮው እጁን ዘረጋ፣ ሰጠችው። "ዶክተሩ ቺንጋ አጠገብ አትቁም አለኝ" አለ። ድምፁ እንደ ጥፋተኛ ልጅ ቀጥኗል። "አንድ ዓመት።"

"ክንዶችህ አሉ?" አለች ሚስቱ ከስልኩ ውስጥ።

"አሉ።"

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም።"

"በል በነሱ ሚዛኑን ያዝ። ማፍሰሱንም መመዘኑንም ብቻዬን አልችልም። ቶሎ ና።"

ባለወፍጮው ተነስቶ ጫማውን አደረገ። የመድኃኒቱን ወረቀት ከዶክተሩ ተቀበለ፣ እትዬ እሽሽን በሁለት እጁ ጨበጣት። ስልኩን ግን አልዘጋውም። ጆሮው ላይ እንደያዘው፣ ወፍጮውን እየሰማ፣ ደረጃውን ወደ መድኃኒት ቤቱ ወረደ።